መጥረጊያ ያነሱ ሙዚቀኞች፦ ስሞኪ፣ ሳምስካ ለ ጃህ እና የዋጋዱጉ ወጣቶች

የምዕራብ አፍሪካ ወጣት ሙዚቀኞች ስም ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ስለ ሌጎስ ገንዘብ፣ ስለ ፓሪስ መድረክና ስለ ዩቲዩብ ተመልካች ብዛት ነው። ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያየው ሌላ ዓይነት ምኞት ነው። በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ አንድ ራፐርና አንድ የሬጌ ዘፋኝ በ2013 ከጓደኞቻቸው ጋር ንቅናቄ አቋቋሙ። ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ፣ 27 ዓመት የገዛው ፕሬዚዳንት ብሌዝ ኮምፓዎሬ አገር ለቆ ወጣ። እነሱ ብቻቸውን አላስወጡትም፤ ተቃዋሚ ፓርቲዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ ተማሪዎችና እናቶች ነበሩበት። ቢሆንም ፖለቲካ አስጠልቶት ቤቱ የተቀመጠውን ወጣት አደባባይ በማውጣት ረገድ የእነዚህ ሙዚቀኞች ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው፤ ዘፋኝ የሕዝብን አመኔታ ካገኘ በኋላ ምን ያደርግበታል? ስሞኪና ሳምስካ ለ ጃህ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ፣ ጥፋቱም ጭምር፣ በደንብ ሊታወቅ ይገባል እላለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሰዎች

ስሞኪ በመዝገብ ስሙ ሰርዥ ማርቲን ባምባራ ይባላል። በ1971 ዋጋዱጉ ውስጥ ከቡርኪናዊ አባትና ከፈረንሳዊት እናት ተወለደ። በ1991 ለትምህርት ፈረንሳይ ሄደ፤ ራፕ ውስጥም እዚያው ገባ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2001 ወደ አገሩ ተመለሰና «አባዞን» የተባለ ስቱዲዮ ከፈተ። የጉዳዩ አንዱ ቁልፍ ይህ መመለስ ይመስለኛል። ለብዙ የአካባቢው ወጣት ማደግ ማለት መውጣት በነበረበት ጊዜ እሱ መንገዱን ተቃራኒ ሄደበት። ስቱዲዮው ደግሞ የራሱን ዘፈን ብቻ የሚቀዳበት አልነበረም፤ ሌሎች ወጣት ራፐሮችም ድምፃቸውን የሚያስቀርጹበት ቤት ሆነ። የራሱ ስቱዲዮ ያለው ሙዚቀኛ «ይህን ግጥም አውጣው» የሚል አለቃ የለበትም። ስሞኪ ስለ ሙስናና ስለ ፖለቲካ ግድያ ፊት ለፊት መዝፈን የቻለበት ምክንያት ከድፍረቱ በተጨማሪ ይህ ነው።

ሳምስካ ለ ጃህ፣ በመዝገብ ስሙ ካሪም ሳማ፣ ዘፋኝም የራዲዮ ሰውም ነው። ልጅነቱ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በቶማስ ሳንካራ አብዮት ዘመን ስለነበር «ፒዮኒየር» ተብለው ከተደራጁት ሕፃናት አንዱ ሆኖ አድጓል። ኋላም በዋጋ ኤፍ ኤም ጣቢያ የሬጌ ፕሮግራም እያዘጋጀ፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ስለ አገሩ ይናገር ነበር። ሳንካራን ማን ገደለው? ጋዜጠኛ ኖርቤር ዞንጎን ማን አቃጠለው? እነዚህን ጥያቄዎች በየሳምንቱ በማይክሮፎን መጠየቅ በዚያች ከተማ ቀላል ነገር አልነበረም። የግድያ ዛቻ ይደርሰው ጀመር። በሴፕቴምበር 28 ቀን 2007 ደግሞ መኪናው በእሳት ጋየች። የሳንካራ ግድያ 20ኛ ዓመት ሊታሰብ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ነበር የቀረው። ዛቻውም ሆነ እሳቱ ከጥያቄው አላስቆመውም።

ሁለቱ በሙዚቃ ስልትም፣ በአነጋገርም ይለያያሉ። አንዱ ስል ቃል ወርዋሪ ነው፤ ሌላው ረጅም ድሬድ ያለው፣ እንደ ሰባኪ ረጋ ብሎ የሚናገር። ያገናኛቸው በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው የተቀሙት አንድ ሰው ነው።

ጊታር ተጫዋቹ ፕሬዚዳንት

ሳንካራን ሳናውቅ የዋጋዱጉን ሙዚቀኛ ምኞት አናውቅም። ሻምበል ቶማስ ሳንካራ በኦገስት 4 ቀን 1983 ሥልጣን ሲይዝ ዕድሜው 33 ነበር። ከመሪነቱ በፊት በባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ከዓመት በኋላ አገሪቱ ኦት ቮልታ የሚለውን የቅኝ ግዛት ስሟን ጥላ ቡርኪና ፋሶ ተባለች። የሚኒስትሮችን መርሴዲስ አስቀርቶ በትንሿ ሬኖ 5 መኪና ተካ። ዛሬም የሙዚቀኞችን የቅጂ መብት ገንዘብ የሚሰበስበው የቡርኪና የደራስያን መብት ቢሮ የተቋቋመው በእሱ ዘመን፣ በ1985 ነው። በየሰፈሩ ሕዝቡ መጥረጊያ ይዞ ከተማውን የሚያጸዳበት ዘመቻም ነበር፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። በጁላይ 29 ቀን 1987 በአፍሪካ አዳራሽ፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ላይ ቆሞ፣ አፍሪካ ዕዳዋን አልከፍልም ብላ በአንድነት እንድትቆም ጠየቀ። ቡርኪና ፋሶ ብቻዋን እምቢ ካለች በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ እንደማይገኝም ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 15፣ ዋጋዱጉ ውስጥ ከ12 ሰዎች ጋር በጥይት ተገደለ። በሞት ማስረጃው ላይ «በተፈጥሮ ሞት» ተብሎ ተጻፈ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የቅርብ ጓደኛው ብሌዝ ኮምፓዎሬ ነው። ያ የአዲስ አበባ ድምፅ በካሴት፣ ኋላም በስልክ እየተቀዳ በምዕራብ አፍሪካ ከወጣት ወደ ወጣት ተላለፈ። ስሞኪ ስለ ግድያው በሠራው ዘፈን ውስጥ የሳንካራን የራሱን ድምፅ አስገብቷል። በትምህርት ቤት የማይነገረውን ታሪክ ወጣቱ በዚህ መንገድ ነው የሰማው።

በዲሴምበር 13 ቀን 1998 ሁለተኛው ቁስል ተጨመረ። «ሌንዴፓንዳን» የተባለው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ኖርቤር ዞንጎ ሳፑዊ አጠገብ ከሦስት ሰዎች ጋር መኪና ውስጥ ተቃጥሎ ተገኘ። ሲሞት የፕሬዚዳንቱ ወንድም የፍራንሷ ኮምፓዎሬ ሹፌር እንዴት እንደሞተ እያጣራ ነበር። ሳንካራና ዞንጎ፣ ሁለት ያልተፈረዱ ግድያዎች፣ የዋጋዱጉ ራፕና ሬጌ ቋሚ ጭብጥ ሆኑ።

ሬጌው ከአቢጃን፣ ራፑ ከፓሪስና ከዳካር

ከቡርኪና ብዙ ሕዝብ ለሥራ ወደ ኮት ዲቯር ይሄዳል፤ የባቡር ሐዲዱም ከዋጋዱጉ አቢጃን ይደርሳል። ሬጌም በዚሁ መስመር ወደ ላይ ወጣ። በ1980ዎቹ አልፋ ብሎንዲ በፈረንሳይኛ፣ በጁላና በእንግሊዝኛ መዝፈን ሲጀምር፣ ሬጌ የጃማይካ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከእሱ በኋላ የመጣው ቲከን ጃህ ፋኮሊ ደግሞ የመሪዎችን ስም እየጠራ ዘፈነ፤ ከአገሩ ተሰዶ ባማኮ ተቀመጠ። በዲሴምበር 2007 ዳካር መድረክ ላይ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድን ስለነቀፈ ወደ ሴኔጋል እንዳይገባ ታግዷል። በእነዚህ አገሮች «ጃህ» የሚለውን ቃል በስሙ ላይ የሚያስቀጥል ወጣት ስለ ጃንሆይ፣ ስለ ሻሸመኔና ስለ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ባንዲራ ጥቂትም ቢሆን ያውቃል። ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣውም ሬጌን የሚሰማው እንደ ሃይማኖት ሳይሆን እንደ ፍትሕ ጥያቄ ነው።

ራፑ የመጣው ከፈረንሳይ ከተሞችና ከዳካር ነው። በዋጋዱጉ የሂፕ ሆፕ ፌስቲቫል ከ2000 ጀምሮ ከጎረቤት አገሮች ራፐሮችን ያሰባስብ ስለነበር የዳካሩ፣ የባማኮውና የኮቶኑው ወጣት እዚያ ይተዋወቃል። ግጥሙ በፈረንሳይኛ ይጀምርና ወደ ሞሬ ወይም ወደ ጁላ ይዞራል፤ ትምህርት ቤት ያልገባችው የገበያ ሴትም ትከታተለዋለች።

ገቢውን በተመለከተ በአጭሩ ልለፈው። ካሴትና ሲዲ ወዲያው ተባዝቶ በመንገድ ይሸጥ ነበር፤ ኮንሰርት ያለ ስፖንሰር አይቆምም። በምርጫ ሰሞን ለገዢው ፓርቲ ዘፍኖ ጠቀም ያለ ገንዘብ ማግኘት በአካባቢው ሁሉ የተለመደ ነው። ለወጣት ሙዚቀኛ ያንን ገንዘብ እምቢ ማለት ማለት የቤት ኪራይን እምቢ ማለት ነው። ስቱዲዮና የራዲዮ ሰዓት የነበራቸው እነ ስሞኪ እምቢ ለማለት ከሌላው የተሻለ አቅም ነበራቸው።

ሴኔጋል ያሳየችው መንገድ

በጃንዋሪ 2011 ዳካር ውስጥ መብራት በየቀኑ ለሰዓታት ይጠፋ ነበር። ኩር ጊ የተባለው የካኦላክ ከተማ ራፕ ቡድን አባላት ቲያትና ኪሊፈ፣ ከጋዜጠኛው ፋዴል ባሮ ጋር ሆነው «ያናማር»፣ ማለትም «በቃን»፣ የሚል ንቅናቄ ጀመሩ። ፕሬዚዳንት ዋድ የምርጫ ሕጉን ለራሱ እንዲመች ሊያሻሽል ሲል ሕዝቡ በጁን 23 ፓርላማውን ከበበ፤ ሐሳቡም ተሰረዘ። ከዚያ ያናማሮች ወጣቱ የምርጫ ካርድ እንዲያወጣ በየሰፈሩ ዞሩ። በማርች 2012 ዋድ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ።

ዋጋዱጉ ይህን በደንብ አየች። የቡርኪና ጉዳይ ግን ከባድ ነበር። ዋድ በመጨረሻ የምርጫ ውጤትን የሚቀበል ሰው ነው፤ ኮምፓዎሬ ግን ወደ ሥልጣን የመጣው በጥይት ነው፣ ጠባቂውም 1,300 ያህል ወታደሮች ያሉት የራሱ የፕሬዚዳንታዊ ደኅንነት ክፍለ ጦር ነበር።

መጥረጊያው

በ2013 የዝናብ ወራት መንግሥት ሴኔት ሊያቋቁም ተነሳ። ሕዝቡ ነገሩ የገባው ወዲያው ነው፦ ሴኔቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 ለመንካት መንገድ ነው። አንቀጹ የፕሬዚዳንቱን ዘመን በሁለት ምርጫ ይገድባል፤ የኮምፓዎሬ ገደብ በ2015 ያበቃል። ተቃዋሚዎች ሰልፍ ወጡ፤ ሰልፉ ላይ የነበሩት ወጣቶች ግን የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም። ስሞኪ፣ ሳምስካ ለ ጃህ፣ ጠበቃው ጊ ኤርቬ ካም እና ሌሎች ተሰብስበው «ለ ባሌ ሲቷየን»፣ የዜጎች መጥረጊያ፣ የሚለውን ንቅናቄ ያቋቋሙት ያኔ ነው።

መጥረጊያው ከሳንካራ ዘመን የጽዳት ዘመቻ የመጣ ነው። እንደኛ ቤት መጥረጊያ እጀታ የሌለው፣ አንገቱ ላይ በገመድ የታሰረ የሣር እስር ነው፤ በየግቢው አለ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። አንዷን ዘለላ ልጅ ይሰብራታል፤ እስሩን ጎልማሳም አይሰብረውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለውን እነሱ በእጅ አስያዙት። መፈክራቸውም «ቁጥራችን ጉልበታችን ነው» የሚል ነበር። ወንዱን አባል «ሲባል»፣ ሴቷን «ሲቤል» አሏቸው፤ ክበቦቹ በየሰፈሩና በየክፍለ አገሩ ከተማ ተከፈቱ።

አሠራራቸው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዘፈኑ ይልቅ ያሸነፈው እሱ ነውና። አንደኛ፣ ከሕገ መንግሥት ብቻ አልጀመሩም። የመብራት መቆራረጥን ይዘው ወደ አገሪቱ መብራት ኃይል ድርጅት ሄዱ፤ ሰፈር አጸዱ። ስለ አንቀጽ 37 ግድ የሌለው ሰው ስለ ፍሪጁ ግድ አለው። ሁለተኛ፣ ክበቦቹን የያዙት ዘፋኞች አይደሉም፤ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ መካኒኮች ነበሩ። ስሞኪ ቢታሰር ክበቡ ስብሰባውን ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ መሪዎቹ ለማንኛውም ሥልጣን እንደማይወዳደሩ ገና ከመጀመሪያው ተናገሩ። ይህ ቃል ኋላ ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ ያኔ ግን በሕዝቡ ዘንድ ያስታመናቸው ዋናው ነገር እሱ ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ከተወለደ ጀምሮ ያየው አንድ ፕሬዚዳንት ብቻ ነው፤ «እኔ ወንበሩን አልፈልግም» የሚል ሰው ለዚያ ወጣት አዲስ ነገር ነበር።

አራት ቀን በኦክቶበር

በኦክቶበር 21 ቀን 2014 መንግሥት አንቀጽ 37ን የሚያሻሽል ረቂቅ ለፓርላማ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ገዢው ፓርቲ ከ127 መቀመጫ 70ውን ይዟል፤ አንድ ሌላ ትልቅ ፓርቲ ሲደግፈው ሕዝበ ውሳኔ እንኳ ሳይደረግ ሊያልፍ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ለሳምንቱ ተዘጉ።

ሰኞ በ27ኛው ቀን ሴቶች ማማሰያ ይዘው ወጡ። ማማሰያው «ቶ» የተባለው የማሽላ ገንፎ የሚገነፋበት ነው፤ በአገሩ ልማድ ሴት ማማሰያ አንስታ በወንድ ፊት ከቆመች እርግማን ነው። በማግስቱ መቶ ሺዎች ዋጋዱጉን ሞሏት። ሰልፉ ሲበተን የመጥረጊያዎቹ ወጣቶች ከአደባባዩ አንሄድም አሉ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ አባረራቸው።

ሐሙስ በ30ኛው ቀን ድምፅ የሚሰጥበት ጠዋት ነው። የፓርላማ አባላት ከፓርላማው አጠገብ ባለው ሆቴል አንዲፓንዳንስ እንዲያድሩ ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ የፖሊሱን መስመር ጥሶ ገባ፤ የፓርላማው ሕንፃ ነደደ፣ ሆቴሉም ተጠቃ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን ሥርጭቱ ተቋረጠ። ከዚያ ሰልፉ ወደ ኮስያም ቤተ መንግሥት አመራ፤ የክፍለ ጦሩ ወታደሮች ተኮሱ። በዚያ ሳምንት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ በመቶዎች ቆስለዋል። ኮምፓዎሬ መጀመሪያ ረቂቁን ሰረዝኩ አለ፤ ሕዝቡ አልሰማውም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሥልጣን መልቀቁ ተነገረ፤ በመኪና ወደ ደቡብ ወጥቶ በፈረንሳይ እርዳታ ኮት ዲቯር ውስጥ ያሙሱክሮ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያዎቹ እውነተኛ ሥራቸውን ሠሩ። ንቅናቄው ነዋሪው ከተማውን እንዲያጸዳ ጠራ። የተቃጠለ ጎማ፣ ድንጋይና አመድ የሞላባቸውን መንገዶች ወጣቶች ጠረጉ። በየአገሩ ብዙ አመፆች አይተናል፤ በማግስቱ የራሱን ጥቀርሻ ለመጥረግ የወጣ ግን ጥቂት ነው።

የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልግባ። ኮምፓዎሬ በሄደበት ዕለት ወንበሩን ማን ይይዛል የሚለው አልታወቀም ነበር። የንቅናቄው ቃል አቀባዮች ጦሩ ኃላፊነቱን እንዲወጣ ጠየቁ፤ ከሌተና ኮሎኔል ያኩባ ኢሳክ ዚዳ ጋርም በሕዝብ ፊት ታዩ። ዚዳ የዚያው የተጠላው የፕሬዚዳንታዊ ክፍለ ጦር ምክትል አዛዥ ነበር። በማግስቱ የአገር መሪ ነኝ አለ። ሕዝቡ ደግሞ «ሞተን ለወታደር ነው ወይ?» ብሎ እንደገና አደባባይ ወጣ፤ ተቃዋሚዎቹም ሙዚቀኞቹን ወቀሱ።

መከራከሪያቸውን አውቃለሁ። ደም እንዳይፈስ፣ ቤተ መንግሥቱ እንዳይዘረፍ፣ አገር ባዶ እንዳትቀር ፈርተው ነበር፤ ፍርሃቱም እውነት ነበር። እኔ ግን ጥፋት ነበር እላለሁ። የሕዝብ አመኔታ የተሰጣቸው ለጥያቄ ነበር እንጂ ለማስረከብ አይደለም። ዘፋኝ አንድን መኮንን በመድረክ ላይ በጎኑ ካቆመ፣ የተናገረው ምንም ይሁን ምን፣ አድማጩ የሚሰማው «ይህን ሰው አምኜዋለሁ» የሚለውን ነው። ከብዙ ድርድር በኋላ ዲፕሎማቱ ሚሼል ካፋንዶ በኖቬምበር የሽግግር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ዚዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቀጠለ። ስሞኪና ሳምስካ ለ ጃህ የሽግግር ሥልጣን አልያዙም፤ ቃላቸውን ጠበቁ።

ሮኬቱ

የክፍለ ጦሩ ጉዳይ ግን አልተዘጋም ነበር። በሴፕቴምበር 16 ቀን 2015፣ ምርጫ ሊደረግ አንድ ወር ሲቀረው፣ ወታደሮቹ የሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ገብተው ካፋንዶንና ዚዳን ያዙ። መሪያቸው ለብዙ ዓመት የኮምፓዎሬ ቀኝ እጅ የነበረው ጄኔራል ዥልቤር ዲያንዴሬ ነው። ክፍለ ጦሩ ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አንቀጽ 37 እንዲሻሻል የደገፉ ሰዎችም ከምርጫው ታግደው ነበር።

የንቅናቄው መሪዎች ሕዝቡን ወደ አብዮት አደባባይ ጠሩ። ወታደሮቹ አደባባዩን በጥይት ባዶ አደረጉት፤ ከዚያ ድምፅ ወዳለበት ሁሉ ሄዱ። የራዲዮ ጣቢያዎችን ዘጉ፤ በራዲዮ ኦሜጋ ግቢ የነበሩ ሞተር ብስክሌቶችን አቃጠሉ። በ17ኛው ቀን አባዞን ስቱዲዮ በሮኬት ተመታ። ማይክሮፎን፣ ሚክሰርና ኮምፒውተር ላለበት አንዲት የሰፈር ስቱዲዮ ሮኬት! እኔ ይህን ሳነብ የሚገባኝ የእነዚያ ወታደሮች ፍርሃት ነው። ጠመንጃ የያዘው ክፍለ ጦር ራፐሩን እንደ ጠላት ሻለቃ ቆጥሮታል። ስሞኪ ሳይያዝ ተረፈ፤ ለ14 ዓመት ያቆመው ስቱዲዮ ግን ወደመ።

ያም ሆኖ ድምፁ አልጠፋም። የሽግግር ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ ራሱ ጋዜጠኛ የነበረው ሸሪፍ ሲ፣ በ108 ኤፍ ኤም በተከፈተ ድብቅ ጣቢያ ሕዝቡ እንዲቃወም ጠራ። ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ወጣቶች ወታደሮቹ እንዳያልፉ የየሰፈሩን መንገድ በጎማና በድንጋይ ዘጉ። ከክፍለ አገር ያሉ የጦር ክፍሎች ወደ ዋና ከተማዋ ተንቀሳቀሱ። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች የተፈራረሙት በሞሲዎቹ ንጉሥ በሞሮ ናባ ቤተ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ የአገሩ ሽማግሌ ሆነው አስታረቁ። በ23ኛው ቀን ካፋንዶ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ክፍለ ጦሩ ፈረሰ። ዲያንዴሬ በ2019 በወታደራዊ ፍርድ ቤት 20 ዓመት ተፈረደበት።

ከድሉ በኋላ

በግልበጣው ምክንያት ወደ ኖቬምበር 29 ቀን 2015 ለተራዘመው ምርጫ ንቅናቄው «ድምፄን እሰጣለሁ፣ እዚያው እቆያለሁ» የሚል ዘመቻ አካሄደ። ወጣቱ ካርዱን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ቆጠራውን በዓይኑ እንዲያይ ነው። ያሸነፈው ሮሽ ማርክ ካቦሬ ነው። ካቦሬ እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ ከኮምፓዎሬ ፓርቲ ትልልቅ ሰዎች አንዱ ነበር። ብዙ ወጣቶች ይህን ሲያዩ አዘኑ፤ ሙዚቀኞቹን «እናንተ ለምን አልተወዳደራችሁም?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን መልሳቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ስሞኪ ሚኒስትር ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ ማን ይዘፍን ነበር? የጎደላቸው ወንበር አይደለም። ከዘፋኞቹ ዝና ውጭ የሚቆም ጽሕፈት ቤት፣ ገንዘብና ጠበቃ ያለው ጠንካራ ተቋም ነው የጎደላቸው። ጠበቃው ካም ከዓመታት በኋላ ከንቅናቄው ወጥቶ የራሱን የፖለቲካ ድርጅት መሠረተ፤ ከውስጥም ውጭም ክፍፍል መጣ።

ስማቸው ግን ድንበር ተሻግሯል። በማርች 2015 የያናማር አባላትና አንድ የመጥረጊያው ንቅናቄ አባል ከኮንጎ ወጣቶች ጋር ሊመክሩ ኪንሻሳ ሄደው ታስረዋል፤ ቀጥሎም ተባረዋል። በሜይ 2016 አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሕሊና አምባሳደር ሽልማቱን ለቤኒኗ ዘፋኝ ለአንጄሊክ ኪጆ፣ ለያናማር፣ ለመጥረጊያው ንቅናቄና ለኮንጎው ሉቻ በጋራ ሰጠ፤ ሥነ ሥርዓቱ ዳካር ተደረገ። አንዲት የግራሚ አሸናፊና ሦስት የጎዳና ንቅናቄዎች በአንድ መድረክ!

በዋጋዱጉ የሚሆነው ግን ከበደ። ከ2016 ጀምሮ የታጠቁ ቡድኖች ጥቃት ከሰሜን እየገፋ መጣ፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ፣ ኮንሰርት ወደ ክፍለ አገር መውሰድም እየከበደ ሄደ። በጃንዋሪ 2022 ጦሩ ካቦሬን አወረደ፤ በሴፕቴምበር 30 ደግሞ ሻምበል ኢብራሂም ትራኦሬ በጃንዋሪ የመጣውን መኮንን አስወግዶ ሥልጣን ያዘ።

በእነዚህ ሁለት ግልበጣዎች መካከል፣ በኤፕሪል 6 ቀን 2022፣ ሳምስካ ለ ጃህ በራዲዮ ስሞኪ በግጥም ዓመታት ሙሉ የጠየቁት መልስ መጣ። ወታደራዊ ፍርድ ቤቱ ብሌዝ ኮምፓዎሬን በሌለበት በሳንካራ ግድያ ጥፋተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ከ34 ዓመት በላይ አልፎታል። ያንን ክስ በሕይወት ያቆዩት የሟቹ ቤተሰብና ጠበቆቹ ናቸው፤ ጥያቄው በትምህርት ቤት ባልተነገረበት ዘመን ግን ወጣቱ እንዳይረሳው ያደረጉት ሙዚቀኞቹ ናቸው።

አዲሱ መንግሥት የሳንካራን ስምና ምስል ከፍ አድርጎ ይዟል። በኖቬምበር 2023 ግን የሚተቹትን ሰዎች ወደ ጦር ግንባር የሚጠራ ትእዛዝ አወጣ፤ ከተጠሩት መካከል የመጥረጊያው ንቅናቄ አባላት ነበሩ። ጠበቃው ካም በጃንዋሪ 2024 ተያዘ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ሁለት የንቅናቄው አባላት በተከታታይ ቀናት ተወስደው ወደ ጦሩ ገቡ። የዋጋዱጉ ፍርድ ቤት የጥሪ ትእዛዙ እንዲታገድ በዲሴምበር 2023 ወስኖላቸው ነበር።